ስኳር ካለባችሁ ኤጁኬተር ጋ ሂዱ፤ ስትሄዱም እንጀራችሁንና ጾማችሁን ይዛችሁ

ደም ተሰጠ፣ ውጤት መጣ፣ «ስኳር አለብዎት» ተባላችሁ። ሜትፎርሚን ታዘዘ። «ጣፋጭ ይቀንሱ፣ በእግር ይንቀሳቀሱ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንገናኝ» ተባለና ቀጠሮው አለቀ። ጥያቄው የሚጀምረው ግን ቤት ከተገባ በኋላ ነው። እንጀራ ልተው እንዴ? ጾሙስ? መለኪያው 210 ካለኝ ድንገተኛ ክፍል ልሩጥ ወይስ ውሃ ጠጥቼ ልተኛ? ሌሊት ነው የምሠራው፣ «ከቁርስ ጋር ውሰድ» የተባልኩትን ክኒን መቼ ልዋጠው?

እነዚህን ጥያቄዎች ቁጭ ብሎ የሚሰማ ባለሙያ አለ። እዚህ አሜሪካ ዳያቤቲስ ኤጁኬተር ይሉታል፣ የስኳር ህመም አስተማሪ። ብዙ ወገናችን እንዲህ ዓይነት ሰው መኖሩን አያውቅም። የሚያውቀውም «ስኳር እንደሆነ ስኳር ነው፣ ምን አዲስ ነገር ይነግሩኛል» ብሎ ይቀራል፣ ወይም ይሄድና አንገቱን እየነቀነቀ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ይመለሳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙም አይሻልም። አስተማሪዋ የምትሰጠው ምክር የሚጠቅመው እናንተ በነገራችኋት እውነት ልክ ነው። የምትበሉትን፣ የምትጾሙትን፣ የዘለላችሁትን መድኃኒት፣ ከአገር ቤት የተላከላችሁን ቅጠል ካልነገራችኋት የምትመክረው እናንተን ሳይሆን ሌላ ሰውን ነው።

ይሄን የምጽፈው በዋናነት አሜሪካ ለምትኖሩ፣ በተለይ ደግሞ እናትና አባታችሁን ሐኪም ቤት ለምታመላልሱ ነው። አገር ቤት ላላችሁም መጨረሻ ላይ የምለው አለኝ።

እነማን ናቸው?

አብዛኞቹ ነርሶች፣ የምግብ ባለሙያዎች ወይም ፋርማሲስቶች ናቸው። በሙያቸው ላይ ከስኳር ህሙማን ጋር ለረጅም ሰዓት ሠርተው፣ ተጨማሪ ፈተና ወስደው ያለፉ። ከስማቸው ቀጥሎ «ሲዲሲኢኤስ» (CDCES) የሚል ምህጻረ ቃል ካያችሁ ያንን ፈተና አልፈዋል ማለት ነው። እስከ 2020 ድረስ «ሲዲኢ» (CDE) ነበር የሚባለው፣ የቆየ ወረቀት ላይ እሱን ብታዩ አትደናገሩ፣ ያው ናቸው። በሆስፒታሎች፣ በክሊኒኮች፣ አንዳንድ ቦታ በፋርማሲም ይገኛሉ፤ በቪዲዮ የሚያስተምሩም አሉ። መድኃኒቱን የሚያዝዘው በአብዛኛው ሐኪማችሁ ነው። የታዘዘውን ከኑሯችሁ ጋር የምታገጣጥመው ግን እሷ ናት።

እንዴት ይገኛል?

በመጠየቅ። ሐኪሙ ራሱ እስኪያነሳው አትጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ አያነሳውም። «ዳያቤቲስ ኤጁኬሽን ሪፈራል እፈልጋለሁ» በሉት፣ በቃ። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ እንኳ ይህቺን ያህል ይዛችሁ ግቡ፣ ወይም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አሳዩት።

«እኔ እኮ ከታመምኩ 15 ዓመቴ ነው፣ አሁን ምን ልማር» የሚል ብዙ ሰው አለ። ትምህርቱ ለአዲስ ታማሚ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት መመሪያ ሰው ወደ አስተማሪ መላክ ያለበት 4 ጊዜ ነው ይላል፦ ህመሙ ሲታወቅ፣ ከዚያ በየዓመቱ ወይም ስኳሩ አልወርድ ሲል፣ ሌላ ነገር ሲጨመር (ኩላሊት፣ ዓይን፣ እግር፣ እርግዝናም ጭምር)፣ እና ኑሮ ወይም ህክምና ሲቀየር። ከክኒን ወደ ኢንሱሊን መሸጋገር ለውጥ ነው። ከቀን ሥራ ወደ ሌሊት መዞር ለውጥ ነው። እናት ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ልጆቿ ጋ ስትመጣማ ትልቅ ለውጥ ነው፦ ምግቡ፣ መድኃኒቱ፣ የምትራመደው ርቀት፣ ሁሉም ይቀየራል።

የክፍያው ነገር። ሜዲኬር ያላችሁ በፓርት ቢ በኩል በመጀመሪያው ዓመት እስከ 10 ሰዓት ትምህርት ይሸፈንላችኋል፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 2 ሰዓት። ዓመታዊውን ተቀናሽ (ዲዳክቲብል) ከከፈላችሁ በኋላ 20 በመቶው የእናንተ ድርሻ ነው። ከዚህ ለብቻው ደግሞ ከምግብ ባለሙያ ጋር በመጀመሪያው ዓመት 3 ሰዓት፣ በቀጣዮቹ 2 ሰዓት አለ፤ ለዚህ ብቁ ከሆናችሁ ከኪሳችሁ አይወጣም። ለሁለቱም የሐኪም የጽሑፍ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ከ10 ሰዓቱ አብዛኛው በቡድን የሚሰጥ ነው፣ በተለምዶ 1 ሰዓት ለብቻ፣ 9 ሰዓት ከሌሎች ጋር። እዚህ ላይ ለኛ ሰው የሚጠቅም ነገር አለ፦ ሐኪሙ «ይህ ሰው በቋንቋ ምክንያት በቡድን ውስጥ ሊከታተል አይችልም» ብሎ መዝገብ ላይ ከጻፈ ትምህርቱ ለብቻ ሊሰጥ ይችላል። እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። በእንግሊዝኛ በሚሰጥ ክፍል ውስጥ እናታችሁን ለሰዓታት አስቀምጦ ማምጣት ለማንም አይጠቅምም።

ሌላ ኢንሹራንስ ካላችሁ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የስኳር ትምህርት ትሸፍናላችሁ ወይ፣ የትኛውስ ቦታ ብሄድ ነው የምትከፍሉት። ኢንሹራንስ የሌላችሁ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችን ሞክሩ፤ በፌደራል መንግሥት የሚደገፉት በገቢያችሁ ልክ ነው የሚያስከፍሉት።

አስተርጓሚውን ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ

የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ (አብዛኞቹ ይቀበላሉ) አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ ያለ መብት ነው፣ ውለታ አይደለም። ግን በዕለቱ ሄዳችሁ «አማርኛ» ስትሉ ፍለጋ ላይ ጊዜው ያልቃል። ቀጠሮ የያዛችሁ ዕለት «የአማርኛ አስተርጓሚ» በሉ፣ ከሁለት ቀን በፊት ደግሞ ደውላችሁ አረጋግጡ። በስልክም በቪዲዮም ሊሆን ይችላል፤ ለመድኃኒት ስምና ለመጠን እሱም ይበቃል።

«ልጄ ያስተረጉምልኛል» አትበሉ። ይህንን አጥብቄ ነው የምለው። አባት በልጁ ፊት የወሲብ ችግር አለብኝ አይልም፤ ስኳር ግን ይህንን ችግር በብዛት የሚያመጣ ህመም ነው፣ ካልተነገረም መፍትሔ የለውም። እናት በልጇ ፊት «ኢንሱሊኑን ሳምንት ሙሉ አልወሰድኩም፣ እንዳልከብድባችሁ ብዬ ነው» አትልም። ደግሞ እኛ ልጆች አናስተረጉምም፣ እንመልሳለን። «ምን ይበላሉ?» ሲባል «እማዬ ጣፋጭ አትወድም» እንላለን፣ እሷ ምንም ሳትናገር። አብራችሁ መግባት ጥሩ ነው፣ ግቡ። ጻፉ፣ አድምጡ፣ ቤት ስትደርሱ አስታውሱ። መልሱን ግን ለባለቤቱ ተዉለት። መሀል ላይ «ትንሽ ብቻቸውን ላናግራቸው» ከተባላችሁም ቅር አይበላችሁ፣ ውጡ።

ይዛችሁ የምትሄዱት

መለኪያውን ራሱን ያዙ እንጂ ቁጥሩን በወረቀት ገልብጣችሁ ብቻ አትሂዱ። መለኪያው ቀኑንና ሰዓቱን ያስታውሳል (ሰዓቱ በትክክል መሞላቱን ግን ቀድማችሁ እዩ)፣ ወረቀት ላይ ደግሞ ሰው መጥፎ ቁጥር ማስፈር አይወድም። መድኃኒት በሙሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ጨምሩ፦ የታዘዘላችሁን፣ ከአገር ቤት የመጣውን፣ ጎረቤት «ይሄ ለኔ ሠርቶልኛል» ብላ ያካፈለቻችሁን። ሽፈራው፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ የምትወስዱ ከሆነ እሱንም። አብሽ ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር ደግሞ ከሚገባው በላይ ሊያወርድ ይችላል፣ ስለዚህ መንገሩ ለእናንተው ደህንነት ነው። ትስቅብኛለች ብላችሁ አትፍሩ፤ ሥራዋን የምታውቅ አስተማሪ አትስቅም።

ከዚያ የሦስት ቀን ምግብ። ለቀጠሮው ተብሎ የተስተካከለ ምግብ ሳይሆን እንደ ወትሮው የምትበሉትን፣ ከነቡናው፣ ከነቆሎው፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። አንዱ ቀን ቅዳሜ ወይም እሁድ ይሁን፣ ሠርግና ክርስትና የሚበዛው ያኔ ነው።

እንጀራው ላይ እንነጋገር

አስተማሪዋ እንጀራ ምን እንደሆነ ላታውቅ ትችላለች። ይህ ምንም አይደለም፣ ታውቃለች ብላችሁ ካሰባችሁ ነው ችግሩ። እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ሁሉ ንጹህ ጤፍ አይደለም፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሩዝ የተቀላቀለበት ብዙ ነው። መጠኑም ውፍረቱም ከጋጋሪ ጋጋሪ ይለያያል። ስለዚህ የምትገዙበትን ቤት ምን ዱቄት እንደሚጠቀሙ ጠይቁ፣ አንዱን እንጀራ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ፣ ክብደቱን ጽፋችሁ ያዙ። ከተቻለ ግማሽ እንጀራ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ይዛችሁላት ሂዱ። በእጇ ይዛ ስታየው ምክሩ ይለወጣል።

ከዚያ ራሳችሁ ፈትኑት። አንድ ቀን ከመብላታችሁ በፊት ተለኩ፣ እንደ ወትሮው ብሉ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ 2 ሰዓት ቆጥራችሁ እንደገና ተለኩ። በሌላ ቀን ያንኑ ወጥ በግማሹ እንጀራ ብሉና ያንኑ አድርጉ። ለአብዛኛው አዋቂ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች መሆን ነው የሚፈለገው (ለእናንተ የተቀመጠው ቁጥር የተለየ ሊሆን ይችላል፣ ጠይቋት)። እነዚህን አራት ቁጥሮች ይዛችሁ ከገባችሁ ወሬው ስለናንተ ይሆናል። «እንጀራ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው» የሚለው ክርክር ያበቃና «ስንት ልብላ፣ ከምን ጋር» ይመጣል።

እንጀራ ጨርሳችሁ ተዉ ካለቻችሁ ዝም ብላችሁ «እሺ» አትበሉ፤ እንደማታደርጉት ታውቃላችሁ። «እሱን አልችልም፣ መጠኑን ንገሪኝ» በሏት። መብታችሁ ነው፣ እሷም እንዲህ ያለ ታማሚ ነው የምትፈልገው።

ከትሪ አብሮ መብላት ሌላው ጉዳይ ነው። ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፣ ጉርሻውም አለ። ከቤተሰብ ተለይቶ መብላት ደግሞ ያስከፋል፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎችን። የሚሠራው መላ ይህ ነው፦ የራሳችሁን እንጀራ ለክታችሁ ትንሽ ሳህን ላይ ቀድማችሁ ለዩት፣ ወጡን ከሁሉም ጋር ከትሪው ብሉ፣ እንጀራ ግን ከሳህናችሁ ብቻ። ሲያልቅ አለቀ። ማዕድ ላይ ሰላጣውን፣ ጎመኑንና ሥጋውን በሹካ ቀድማችሁ ብትበሉና እንጀራውን ብታስከትሉ የስኳሩ አወጣጥ ረጋ ይላል፤ ይህንንም በመለኪያው ማየት ትችላላችሁ።

ቡናንም አትርሱት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ከሆነ 24 ግራም ደረሰ፣ ያውም ፈንዲሻውና ዳቦው ሳይቆጠር። ማር «ተፈጥሮ ነው» ተብሎ ቢገባም ስኳርን ያወጣል። ጭማቂም እንደዚሁ፣ ቤት የተጨመቀው ጭምር።

ጾም

ለአስተማሪ የማይነገረው ዋናው ነገር ይህ ነው፣ ምክንያቱም «ጾማለሁ ካልኩ ትከለክለኛለች» ብለን እንፈራለን። እና ደብቀን እንጾማለን። አደገኛው ጾሙ ሳይሆን ድብቁ ነው።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና አርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ። አንዳንዱ እስከ 6 ሰዓት፣ አንዳንዱ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ይህንን በሰዓት ከፋፍላችሁ ንገሯት፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው የመጨረሻ የምበላው፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምፈስከው፣ ውሃስ እጠጣለሁ ወይ። ከዚያ የምትወስዱትን መድኃኒት ታያለች። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከመጠን በታች የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግሊበንክላማይድ (እዚህ ግላይቡራይድ የሚባለው)፣ ግሊፒዛይድና ኢንሱሊን ግን ያለ ምግብ ከተወሰዱ ሊጥሏችሁ ይችላሉ። ጃርዲያንስና ፋርክሲጋ የመሳሰሉት ደግሞ ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይበላና ሳይጠጣ ሲቆይ ሰውነት ውስጥ አሲድ እንዲጠራቀም ሊያደርጉ ይችላሉ፣ ያውም የስኳሩ ቁጥር ብዙም ሳይጨምር። ስለዚህ በራሳችሁ አትቀንሱ፣ በራሳችሁም አትቁረጡ። ጾሙ ከመግባቱ አንድ ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙና እሷና ሐኪሙ ሰዓቱንና መጠኑን ያስተካክሉላችሁ።

የጾም ምግቡ ራሱ ወሬ ይፈልጋል። ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ ሲወጣ ትሪው ላይ የሚቀረው እንጀራ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ዳቦ ነው፤ ሰው «ጾም ላይ ነኝ፣ ምን በላሁና» እያለ ስኳሩ ይወጣል። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን አብዝቶ ሌላውን መቀነስ ይሻላል። ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ 12ን ይቀንሳል፣ ቢ 12 ደግሞ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ሜትፎርሚን የሚወስድና በዓመት ብዙ ወር የሚጾም ሰው ከሁለት በኩል ተቀነሰበት ማለት ነው። የቢ 12 እጥረት እግርን ያደነዝዛል፣ የስኳር ነርቭ ጉዳትም እግርን ያደነዝዛል፣ ሁለቱ ይምታታሉ። «ቢ 12 ተለክቼ አውቃለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምትሰጠው ፈቃድ እንዳለ ብዙዎቻችን እናውቃለን፣ ለራሳችን ሲሆን ግን መጠየቅ እናፍራለን። ጸበል ስትሄዱም ለስንት ቀን እንደምትሄዱ፣ ባዶ ሆድ እንደምትቆዩ፣ ኢንሱሊኑን የት እንደምታስቀምጡ ቀድማችሁ ከአስተማሪዋ ጋር ተነጋገሩ። ረመዳን የምትጾሙ ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም፣ ስለዚህ ተለኩ፤ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ አፍጥሩ።

«ስወጋ እዩኝ»

ኢንሱሊን የምትወስዱ ሁሉ፣ አሥር ዓመት የወሰዳችሁም፣ አስተማሪዋ ፊት ተወጉና ትያችሁ። አንድ ቦታ ደጋግሞ መውጋት ቆዳው ሥር እብጠት ይሠራል፣ እዚያ የገባው ኢንሱሊን ደግሞ በትክክል አይሠራም፤ ሐኪሙ ይህንን ሳያይ መጠኑን ብቻ ይጨምራል። ሆዳችሁን ዳስሳ ታገኘዋለች። ፔን የምትጠቀሙ ከሆነ ከመውጋታችሁ በፊት 2 ዩኒት ወደ አየር ማውጣት፣ ከወጋችሁ በኋላ እስከ 10 ቆጥሮ መንቀል፣ በወጋችሁ ቁጥር መርፌውን መቀየር፣ እነዚህን እጅ ለእጅ ያሳዩዋችሁ። የተከፈተ ኢንሱሊን በአብዛኛው 28 ቀን ነው ዕድሜው፤ የእናንተ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ። መኪና ውስጥ ትታችሁት አትሂዱ፣ በበጋ ይበላሻል።

ስኳር ሲወርድ ምን እንደምታደርጉ ሳታውቁ ከዚያ ክፍል አትውጡ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ሲመጣ ተለኩ። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ቶሎ የሚገባ ስኳር ውሰዱ፦ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ወይም ዳየት ያልሆነ ለስላሳ፣ አለበለዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ተለኩ፣ ካልወጣ ድገሙት። ቸኮሌት አይሆንም፣ ቅባቱ ያዘገየዋል። ሰውየው ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ 911 ደውሉ፤ ለቤት የሚሆን ግሉካጎን (የወረደን ስኳር ቶሎ የሚያወጣ የድንገተኛ መድኃኒት) እንዲታዘዝላችሁም ጠይቁ። ይህንን የትዳር ጓደኛችሁ፣ ልጆቻችሁ፣ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ሁሉ ይወቀው።

ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ ትራክ ላይ ያላችሁ፣ ፓርኪንግ ሌሊት የምትሠሩ፦ የሥራ ሰዓታችሁን በትክክል ንገሯት። «ጠዋትና ማታ» የሚለው የመድኃኒት ወረቀት ለእናንተ አልተጻፈም፣ እንደገና ይጻፍላችሁ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ መሪ ከመያዛችሁ በፊት ተለኩ፣ ከ70 በታች ሆናችሁ አትንዱ፣ ጭማቂ ከመኪናው አይጥፋ።

ቁጥሮቹን አስተርጉሙልኝ በሏት

ኤዋንሲ (A1C) የሚባለው የሁለትና የሦስት ወር የስኳር አማካይ ነው። 7 በመቶ ማለት አማካይ ስኳራችሁ 154 አካባቢ ነበር ማለት ነው፣ 8 ከሆነ 183፣ 9 ከሆነ 212። ብዙ አዋቂ ከ7 በታች እንዲሆን ይመከራል፤ ለዕድሜ ባለጸጋ ወይም ሌላ ህመም ላለበት ግን ከዚያ ከፍ ያለ ግብ ሊቀመጥ ይችላል፣ ስለዚህ የጎረቤትን ቁጥር ከእናታችሁ ጋር አታወዳድሩ። በዓመት አንድ ጊዜ ዓይን በጠብታ ተከፍቶ መታየቱን፣ የኩላሊት የሽንት ምርመራውን፣ የእግር ምርመራውንም ታስታውሳችሁ። ካልሲያችሁን ሳትጠየቁ አውልቁ፣ ያኔ ማንም አይረሳውም።

ካልተግባባችሁስ? ይከሰታል። አንዷ ትቸኩላለች፣ አንዷ እንደ ልጅ ትገሥጻለች፣ አንዷ የማታውቁትን ምግብ ዝርዝር ሰጥታ ትሸኛለች። ሌላ ሰው እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ እንጂ ትምህርቱን አትተዉ። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት የምትሠሩትን ነገር ብቻ ይዛችሁ ውጡ። የተባለውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመለወጥ የሚነሳ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል።

አገር ቤት ስትሄዱ፣ አገር ቤት ላሉትም

ለጉዞ ስትነሱ አንድ ቀጠሮ ለዚሁ ያዙ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ፣ ወደ ምሥራቅ ስትበሩ ቀኑ ያጥራል፣ የኢንሱሊኑ ሰዓት ይዛባል፤ ስንት ሰዓት ላይ ስንት እንደምትወስዱ ጽፋ ትስጣችሁ። ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፣ ከታች የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። መድኃኒት ከምትቆዩበት ጊዜ በላይ ያዙ፣ የሐኪም ደብዳቤም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ፣ «ኤጁኬተር» የሚል ስም ያለው ሰው ባይኖርም ሥራውን የሚሠሩት በሆስፒታሎች የስኳር ክትትል ክፍል ያሉ ነርሶች ናቸው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ጋ ያላችሁ ጊዜ አጭር ነው፣ ስለዚህ ነርሷን ፈልጉ። አንድ ጥያቄ በአንድ ቀጠሮ፣ ጽፋችሁ። መርፌ አወጋጉን አሳይታችሁ እንድታርም ጠይቁ፣ እግራችሁን አሳዩ። ፍሪጅ የሌላችሁ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ሁለት ሸክላ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጋችሁ፣ መሀሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልታችሁ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ እንደምትችሉም እንዴት እንደሚሠራ ታሳያችሁ።

እዚህ ሆናችሁ ለቤተሰብ መለኪያ የምትልኩ ደግሞ፣ ስትሪፕ (ደሙ የሚነካው ቀጭን ቁራጭ) ከራሱ መለኪያ ውጪ አይሠራም። ያለ ስትሪፕ የተላከ መለኪያ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ እነሱ ሰፈር ፋርማሲ የትኛው ስትሪፕ እንደሚገኝ አስጠይቁ፣ የሳጥኑን ፎቶ አስልኩ፣ ከዚያ ለሱ የሚሆነውን መለኪያ ግዙ። ስትሪፑንም አብራችሁ ከላካችሁ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አይታችሁ።